ካምቢዮ ያዥዋ

አሮጌው ካምቢዮ ጆንያ ላይ ተጋድሞ የመጨረሻውን ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል። ዘሥላሴ አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል። ዓይኑ ያረፈው ግን ዘይቱ ላይ አልነበረም፤ በማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ባለችው እጀታ ላይ ነበር። ድሮ እንደ ሎሚ ድቡልቡል የነበረችው እጀታ በሁለት በኩል ተበልታ ጎድጉዳለች። ሰፋ ያለው ጎድጓዳ የእሱ መዳፍ የቦረቦረው ነው። ጠበብ ብሎ ጠለቅ ያለው ደግሞ የሚስቱ የወለተሐና።

«ጋሽ ዘሥላሴ፣ ለቅሶ የተቀመጡ መሰሉ እኮ!» አለ መካኒኩ ዓብዱራህማን፣ ከፒክ አፑ ሥር እግሩ ብቻ እየታየ። «ብረት ነው። ከፈለጉ ሠልስቱን እናወጣለታለን።»

«አንተ ሥራህን ሥራ። ይሄ ብረት ስንቱን ሰው አድርሷል መሰለህ።»

«እሱስ ልክ ነዎት። እናቴ እህቴን ዩምናን ልትወልድ በምጥ ስትያዝ ከአሊዩ አምባ ያወጣት ይሄው አይደል? እትዬ ወለተሐና በአንድ እጃቸው ካምቢዮውን፣ በአንድ እጃቸው እናቴን ይዘው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ናፍጣ ጠጪ ፒክ አፕ ናት። በገበያ ቀን ከደብረ ብርሃን ገብስና ድንች ጭና፣ በአንኮበር አድርጋ፣ ወደ አሊዩ አምባ ቆላ ትወርዳለች፤ ማሾና ሎሚ ይዛ ትወጣለች። ሞተሯ ገና ጉልበት አለው። በሽታዋ ካምቢዮው ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ አይረጋም። በተለይ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሞተሩ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ በሚያቃስትበት ሰዓት፣ ዘንጉ ይንቀጠቀጥና ተፈናጥሮ ይወጣል፤ መኪናዋም ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ትሆናለች። የሾፌሩ ሁለት እጅ ደግሞ ለመሪው ራሱ አይበቃም። ስለዚህ ከአንኮበር በታች ጠጠሩ መንገድ ሲጀምር ዘሥላሴ «ያዥ!» ይላል። ወለተሐና በግራ እጇ እጀታዋን ጭብጥ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ስባ እንደያዘች እስከ ታች ትወርዳለች። የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ስሟን ትተው «ካምቢዮ ያዥዋ መጣች» ነው የሚሏት።

ካምቢዮው ገና ድሮ ሊቀየር ይችል ነበር። ዓብዱራህማን ስንት ጊዜ መክሮት! ዘሥላሴ ምክንያት አያጣም፤ ዕቃው አይገኝም፣ የዛሬ ዘመን ብረት ብረት አይደለም፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል። እውነቱን ለራሱ እንኳ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም። ሚስቱን «አብረን እንሂድ» ብሎ የጠየቀበት አንድም ቀን የለም፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አፉ አልተፈታም። «ካምቢዮው አይዝም» ይላል፤ እሷ ነጠላዋን ታነሣለች። በቃ። ልጆቹ አግብተው ቤቱ ጭር ካለ ወዲህማ፣ ከቤቱ ይልቅ ያቺ ጋቢና ነበረች የምትሞቀው።

ሐሳቡን ያስቀየረው መቀነቷ ነው። ሰንበት ማለዳ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስትለብስ፣ ገርበብ ባለው በር በኩል አያት። የመቀነቷን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ በቀኝ እጇ ብቻ ስትቋጥር። የግራ እጇ አንጓ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ብርድ ነው» ብላ እጅጌዋን ሳበች።

ብርድ አልነበረም። ሰኞ በጠዋት መኪናዋን ጋራዥ አስገባ። «ካምቢዮው ሊቀየር ነው» ሲላት ወለተሐና ያጠበችውን ሳህን ደግማ አጠበችው። «ጥሩ ነዋ» አለች በመጨረሻ። «እንግዲህ እኔም ቤቴን እይዛለሁ።» እፎይ ማለቷ ይሁን ማዘኗ ከድምጿ ሊለይ አልቻለም። «አይ፣ አንቺማ ነይ እንጂ» ማለት ነበረበት። ከአፉ የወጣው ግን «እንግዲህ» ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን «ነይ» እንደያዛት ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ።» ዓብዱራህማን ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጋቢናው ጠራው። አዲስ የሚሉት ካምቢዮ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ጫጫ ከተማ ቆሞ ሣር ከበቀለበት፣ ከሌላ ዓይነት መኪና የተፈታ ባለ አምስት ማርሽ ነው። «ርዝመቱ በስንዝር ስለሚበልጥ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ቶርኖ ቤት አሳጥሬዋለሁ። ካምቢዮውን የሚሸከመውንም ብረት ገፋ አድርጌ በየድኩት። እሱ አያሳስብዎ። የማርሹ ዘንግ ግን ወለሉን በስቶ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው።» የጋቢናውን ወለል በጠመኔ አከበበ።

ክቡ ያረፈው ወለተሐና በምትቀመጥበት በኩል፣ ልክ ጉልበቷ የሚደርስበት ላይ ነበር።

«እዚህ የሚቀመጥ ሰው ምን ሊሆን ነው?»

«ወደ በሩ ጠጋ ይላላ። ደግሞስ ከእንግዲህ ማን ይቀመጣል? አልሐምዱሊላህ፣ እትዬም አረፉ፤ እርስዎም ብቻዎን እንደ ባለሥልጣን ዘና ብለው ነው የሚሄዱት።»

ዘሥላሴ ክቡን ትክ ብሎ አየው። እንግዲህ ብረቱም ጭምር ቦታዋን ሊወስድ ነው።

«እጠፈው» አለ።

«ምኑን?»

«ዘንጉን። በእሳት አግለህ ወደ እኔ እጠፈው።»

«ወላሂ ያስቀይመዋል ጋሼ። የበግ ቀንድ ነው የሚመስለው።»

«ይምሰል።»

ዓብዱራህማን ሽማግሌውን አየ፣ ባዶውን መቀመጫ አየ፤ የሚቀልድበት ነገር እንዳለው ፊቱ ላይ እየታወቀ ዋጠው። እሳቱን ለኮሰ። ሁሉንም ገጣጥሞ፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ዘይቱን ሞልቶ ሲያበቃ፣ ሳይነገረው አሮጌዋን እጀታ አንሥቶ በጎበጠው ዘንግ ጫፍ ላይ ገጠማት። «ነገ ጭነው ከመሄድዎ በፊት ዛሬ ባዶውን ቁልቁለቱ ላይ ይሞክሩት። ኢንሻአላህ ይይዛል።»

ወደ ቤቱ ሲነዳ ሁለተኛ አስገብቶ እጁን አነሣ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለው። ካምቢዮው ይዟል። እንግዲህ ምን ብሎ ይጥራት? መንገዱን ሁሉ ንግግር ሲያዘጋጅ መጣ፤ አንዱን ይጀምራል፣ ያፍራል፣ ይተወዋል።

በሩ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ወለተሐና እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። በመኪናው መስኮት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ ቆልማማ?»

«ካምቢዮው ነዋ።»

«ምነው፣ መካኒኩ ሰክሮ ነበር?»

«እኔ ነኝ ያሳጠፍኩት።» ያ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር የት እንደገባ እንጃ። «ጉልበትሽን እንዳይነካሽ ብዬ።»

ወለተሐና ዘንጉን አየች። እጀታዋን አየች። እሱንም አንዴ ቀና ብላ አየችውና ተመልሳ ቤት ገባች። ዘሥላሴ ሞተሩን ያጥፋው ወይም ይተወው ግራ ገባው። ሊያጠፋው ቁልፉን ሲይዝ ነጠላዋን ለብሳ፣ በጫፉ ቆሎ ቋጥራ፣ በሩን ቆልፋ ብቅ አለች።

«ምን ይገትርሃል ሾፌሩ? ጭጋጉ ሳይወርድብን እንሂድ እንጂ!»

እስከ አንኮበር ስለ ካምቢዮው አላወሩም። ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት ላም አወሩ። ከከተማው አልፈው ጠጠሩ ሲጀምር፣ መንገዱም አፍንጫውን ወደ ቆላው ሲደፋ፣ ዘሥላሴ ሁለተኛ አስገባ። ሞተሩ አገሣ። የመጀመሪያው ጥምዝ መጣ፤ መሪውን በሁለት እጁ ሲጠመዝዝ አፉ ሳያማክረው፣

«ያዥ!» አለ።

ያ የተነፋ እጇ ተወርውሮ ሄደ። ዘንጉ ግን በለመደችው ቦታ የለም። አየር ዘግኖ መጥቶ የዘሥላሴ ጉልበት ላይ አረፈ። ሁለቱም ወደ ዘንጉ አዩ። ጎብጦ፣ እጀታዋን ተሸክሞ፣ ንቅንቅ ሳይል ቆሟል።

«ምኑን ልያዝልህ? ይዟል እኮ!» ወለተሐና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አፌ ነው» አለ እሱም እየሳቀ። «ካምቢዮው ተቀየረ፤ አፌን የሚቀይር መካኒክ አልተገኘም።»

ቆሎውን ፈትታ በመዳፏ አቀረበችለት። በዚህ ቁልቁለት ላይ ምንም ቀምሰው አያውቁም፤ እጅ የት ነበርና! ትንሽ እንደወረዱ ዞር ብሎ አያት። እሱንም ዘንጉንም አልነበረም የምታየው። ስንት ዘመን በዚህ መንገድ አንገቷን ደፍታ፣ እጀታዋ ላይ ዓይኗን ተክላ ነው የወረደችው። አሁን ቀና ብላለች። ከታች ደመናው ተገልጦ፣ ተራራው በተራራ ላይ እየተደራረበ፣ እየሳሳ፣ መጨረሻው ላይ የበረሃው ሜዳ አመድማ ሆኖ ተዘርግቷል።

«ያ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻውን የቆመው ዛፍ።»

«ጽድ ነው። ሁልጊዜም እዚያው ነው ያለው።»

«ሁልጊዜ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዘሥላሴ ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ አስገባ። ማርሹ ገባ፤ ያዘ። መኪናዋ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች።

«ቀስ በል» አለችው ወለተሐና፣ ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠግታ። «አሁንም ቀስ በል።»