መንበረና የአዋሽ ውሃ

ባለቤቴ መንበረ ጠላ ሲበላሽባት አታለቅስም፤ ዝም ነው የምትለው። ጋኑን ጓሮ ታወጣና ድፍድፉን ትደፋለች፤ እጇን ትታጠብና ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች። የታጠፈውን ትዘረጋና እንደገና ታጥፋለች። ያን ጊዜ እኔ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። ቁጡ ሰው ነኝ፣ ከማንም ጋር እጣላለሁ፤ ከዝምታ ጋር ግን እንዴት እንደሚጣሉ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እኔ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ለዕረፍት አገሬ መንዝ ወጥቼ አገባኋትና ይዣት ወረድኩ። ከባቡር እንደወረደች ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ "ፀሐዩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ ዛሬ ተቆጥቶ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ ዛሬስ ደህና ነው" አልኳት። አንዳንድ ጊዜ እውነት መናገር በሽታ ነው።

ፀሐዩን ቻለችው። ትንኙንም፣ አቧራውንም፣ ሌሊት እንደ ቀን የሚሞቀውን ግድግዳም ቻለችው። ያልቻለችው ጠላውን ነው። የእናቷ ጠላ በአገሩ ስም ያለው ነው፤ ጠጥቼዋለሁ፣ በሠርጌ ዕለት ከሙሽራዋ ይልቅ እሱን ስታይ ዋልክ ብለው ሚዜዎቼ ይቀልዱብኛል። ቀላ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በነሱ ሰፈር ጠላዋ የጠቆረባት ሴት ወዮላት! "አሻሮውን እሳት ላይ ጥላ ወሬ ስትሰልቅ ነበር" ይሏታል፤ ይህ ስም ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል። መንበረ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። አሻሮውን፣ ማለትም የጠላውን ገብስ፣ ስትቆላ ልክ ቀላ ሲል ብድግ ታደርገዋለች፤ ንጉሥ ቢጠራት እንኳ ከምጣዱ ዞር አትልም።

አዋሽ ላይ ግን ያው ገብስ፣ ያው እጅ፣ ያው ልፋት ሌላ ነገር ሆነ። ጠላው ምላስ ላይ ይሻክራል፤ ገሾው ይመራል፣ ከሥሩ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር አለው፤ ሞቅ ማድረግ የሚባል ነገርም አያውቅም። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ሆምጣጤ ይሆናል። መጀመሪያ ጋኑ በወይራ ስላልታጠነ ነው አለች፤ ከደጋ ከሚመጣ ሰው ወይራ አስመጣሁ። አልሆነም። ቀጥሎ ብቅሉ ነው አለች፤ በሙቀቱ ቶሎ እንዳይሻግት ውሃ እያርከፈከፈች፣ ጥላ ለጥላ እያዞረች፣ እንደ ሕፃን ተንከባክባ ራሷ አበቀለችው። አልሆነም። ከዚያ ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀመጠችው። ሆምጣጤነቱን አዘገየው እንጂ ሳሙናውን አልነቀለውም።

እኔ ሁሉንም ጠጥቼዋለሁ። ፊቴን ሳላጨማድድ ጠጥቼ "ይጣፍጣል" ብያታለሁ። ፍቅር ማለት ይህ ካልሆነ እንግዲህ ሌላውን አላውቅም።

"አትዋሽ" ትለኛለች። "እንባህ መጥቷል።"

ጥፋቱ የውሃው እንደሆነ እኔ ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። የቦኖው ውሃ ከጉድጓድ ሲወጣ ራሱ ለብ ያለ ነው፤ የሻይ ማፍያችን ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። ስለዚህ አንዱን የባቡር ሹፌር ለምኜ ከላይ አገር በጀሪካን ውሃ አስጫንኩ። ደስታዬ! ጀሪካኑ ግን ለካ ነጭ ጋዝ የተያዘበት ኖሯል፤ ጠላው ፋኖስ ፋኖስ ሸተተ። መንበረ አንድ ጊዜ ቀመሰችና፣ "ክብሪት አታስጠጋበት" ብላ ከት ብላ ሳቀች። አዋሽ ከመጣች እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ለዚያ ሳቅ ስል ሌላም ጀሪካን ባበላሽ ደስ ይለኛል።

ሳቁ ግን አልቆየም፤ የኅዳር ሚካኤል ቀረበ። እኛ ደገኞች የጽዋ ማኅበር አለን፣ ወር በወር በየተራ እየደገስን የምንጠጣው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ካድሬዎቹ ማኅበር ሲባል ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ እኛም በሩን ገርበብ አድርገን ድምፃችንን ቀንሰን እንጠጣለን እንጂ አልተውንም። ኅዳር የኛ ተራ ነበር።

"ስማኝ ሀብቴ" አለችኝ አንድ ጠዋት፣ የታጠፈ ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ። "ሰው በሚኖርበት አገር እህሉም ውሃውም እሺ ይለዋል። ይህ አገር እኔን እምቢ ብሎኛል። ለሚካኤልም ጠላዬ ከተበላሸ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።"

"ለስንት ቀን?"

"ቀን አልቆረጥኩለትም።"

ደነገጥኩ። ትኬቷን የምቆርጥላት እኔው ነኝ እኮ! በትኬት መስኮቷ ቀዳዳ በኩል እጇን ስትዘረጋ፣ "ለደርሶ መልስ ነው?" ብዬ ስጠይቃት ታየኝ። ያን ቀን መስኮቱ ላይ ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር ተጣላሁ።

ጎረቤታችን ኡምሰልማ የወሎ ሰው ናት፤ ሻይ ቤት አላት፣ ለእስላሙ ሠርግ ደግሞ ቀሪቦ የምትሠራው እሷ ናት። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ ጣፈጥ ያለ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። የመንበረ ዝምታ በግድግዳው በኩል ሳይሰማት አልቀረም፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ጆግ ቀሪቦ ይዛ ገባች።

"እንኪ እቱ፣ ጠጪ። ልብስ ማጠፉን ተይውና።"

መንበረ ለይሉኝታ ያህል አፏ ላይ አደረገችው። ከዚያ ቆም አለች። እንደገና ቀመሰች። ጆጉን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው።

"ኡምሰልማ፣ በምን ውሃ ነው የሠራሽው?"

"በምን ውሃ ልሥራው? በቦኖው ነዋ! ዘምዘም የሚያመጡልኝ መሰለሽ?"

"ታዲያ ሳሙናው የታለ?"

ኡምሰልማ በሳቅ ፈነዳች። መንበረ ግን አልሳቀችም፤ "ለምንድን ነው እንዲህ የጠቆረው?" አለች።

"እሱማ የኔ ዝርክርክነት ነው። ድሮ ቀይ አድርጌ ነበር የምቆላው፣ ያው አንቺ እንደምትይው ሳሙና ይላል። አንድ ቀን ሻይ ቤት ሰው በዛብኝና ገብሱ እሳት ላይ ተረሳኝ። አረረ። ስኳሩ በራሽን፣ እህሉ በመከራ፤ ልጥለው ነው? ሠራሁት። ወላሂ ከዚያ ቀን ወዲህ አውቄ ነው የማሳርረው።"

መንበረ አንገቷን ደፋች። "የእናቴ ቤት ጠላ አይጠቁርም" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ጠላሽን አላውቀውም፣ ሐራም ነው፣ አልቀምስልሽም። ውሃውን ግን አውቀዋለሁ። እናትሽ በዚህ ውሃ ጠምቀው ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያስ! የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።"

በማግስቱ ማለዳ መንበረ ብረት ምጣዷን ጣደች። ገብሱ ቀላ ሲል እጇ ለምዶባት ብድግ አደረገችው። ከዚያ መልሳ ጣደችው። ጭሱ ቤቱን ሞላው። ማማሰያዋን እንደያዘች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "ጭሱ ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት።

"አሁን አይበቃውም?" አልኩ። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የሚያርር ገብስ ሽታ አንጀቴ ድረስ ገባ።

"ዝም በል። እናቴ ብታየኝ…" አለችና አልጨረሰችውም። ገብሱ ጠቆረ። ከሰል ሳይሆን፣ የኡምሰልማን ያህልም ሳይሄድ፣ እሷ ብቻ በምታውቀው ቦታ ላይ ሲደርስ አወረደችው። "እኔ የምጠምቀው ጠላ ነው፣ ቀሪቦ አይደለም" አለች።

ጥንስሱን ጠነሰሰች፣ አሻሮውን አስፈጭታ እንኩሮ አንኮረች፣ ደፈደፈች። ከዚያ እስከ ሚካኤል ያለው ጊዜ ለኔ የመከራ ነበር። ከሥራ ስመጣ በጋኑ አጠገብ እንደ ሌባ እየተሽሎከለክሁ አልፋለሁ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ውስጡ ይፍለቀለቃል። ሚካኤልን "ትኬት ቆራጭ አታድርገኝ" ብዬ ለመንኩት። ለሷ ማለቴ ነው እንጂ እንጀራዬስ እሱው ነው።

የማኅበሩ ዕለት ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ጋሽ አምባዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የመንዝ ሰው፣ ጠላ አዋቂ። ጸሎቱ አልቆ መንበረ ቀዳችላቸው። ብርጭቆውን አነሱና አዩት። ጥቁር ነው። 

"ምነው ልጄ፣ አሻሮው አመለጠሽ?"

"አላመለጠኝም ጋሼ። አውቄ ነው።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ጠጡ። ጺማቸውን ጠረጉ። "የአገራችን አይደለም" አሉና ደግመው ጠጡ። "ግን ጠላ ነው። አዋሽ ከመጣሁ እንዲህ ያለ አልቀመስኩም።" ከዚያ በኋላ ጋኑን ማን ያስጥለው? ድምፃችንን መቀነሱንም ረሳነው፤ ይርገዱ የምትባለው የማኅበራችን ዘፋኝ ተነስታ በር ዘጋች።

እንግዶቹ ሲሄዱ መንበረ ከጋኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ስትቀዳ ውላ ገና አሁን ለራሷ ቀዳች። ቀስ ብላ ጠጣች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጠላ ተበላሽቶባት አልቅሳ የማታውቅ ሴት፣ ጠላ አምሮላት አለቀሰች።

"የእናቴን አይመስልም" አለች።

መዋሸት አማረኝ። አልዋሸሁም። "አይመስልም" አልኳት።

"አንድ ጉንጭ እንኳን አይመስልም፣ ሀብቴ።"

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ነው ልቡ ወደ አገሩ የሚሄደው ብዬ ፈራሁ። እጇን ብቻ ያዝኩ። አሻሮ አሻሮ ይሸታል።

ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች፤ የቀረውን ጨለጠችና ምላሷን ላንቃዋ ላይ እያጣጣመች ግንባሯን ቋጠረች።

"ገሾው በዝቷል" አለች። "ይህ ውሃ ገሾ አይወድም። ለገና ስጠምቅ እቀንሰዋለሁ።"

"ቀንሺው" አልኳት። ብርጭቆዬንም እንድትሞላልኝ ዘረጋሁላት።