የግራ እግር መሸኛ

ይህን ለማንበብ የሚፈጅባችሁ ጊዜ አንድ ማኪያቶ ከመጠጣት አይበልጥም። ስትጨርሱ ግን መኪና የምትመርጡበት ዓይን ይለወጣል፤ በዚህ ቃል እገባለሁ።

የአጎቴ የጋሽ ይመር ግራ እግር ማክሰኞ ጠዋት የሥራ መልቀቂያ አስገባ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው፤ በእግር አውራ ጣት ነው የተጻፈው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን በመርገጥ ሳገለግል ቆይቻለሁ። ሊገዛ የታሰበው መኪና አውቶማቲክ በመሆኑ የሥራ መደቤ ስለታጠፈ፣ ሌላ ቦታ ሄጄ እንድቀጠር መሸኛ ይሰጠኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ቀንም ፊርማም አለው።

ጋሽ ይመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ጽሕፈቱ ከኔ ይሻላል» አሉ።

ለማታውቁ ላስረዳ። እኔ መኪና የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ ግን በደንብ ነው የተማርኩት። ማንዋል ሦስት ፔዳል አለው። ቀኝ እግር ነዳጁንና ፍሬኑን ይሠራል፤ ግራው ፍሪሲዮን ብቻ ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እሱ ይረግጣል። ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ማርሽ ሳይቀየር መቶ ሜትር አይኬድም። አውቶማቲክ ላይ ማርሹን መኪናው ራሱ ስለሚቀይር ፔዳሉ ሁለት ነው። ግራ እግር ተሳፋሪ ይሆናል ማለት ነው።

ጋሽ ይመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ግራ ጉልበታቸው አብጦ፣ ሐኪሙ ፍሪሲዮን መርገጥ ካልተዉ ጉልበቱ ጨርሶ እንደማይታጠፍ ነግሯቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድ አውጥተዋል፤ ፈቃዱ የአውቶማቲክ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸው ደግሞ ለመውለድ አንድ ሳምንት ቀርቷታል። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ማንዋል ከገዙ ጉልበታቸው ይሄዳል፤ አውቶማቲክ ከገዙ እግራቸው ይሄዳል።

«እስቲ መጀመሪያ ይሞክረው» አሉ ጋሽ ይመር።

ደላላው አሊጋዝ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ሁለት መኪና አቁሞ ጠበቀን፤ አንዱ ማንዋል፣ አንዱ አውቶማቲክ። «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ራሷ ነች የምታስበው። እርስዎ መቀመጥ ብቻ ነው» አለ።

«እንግዲያ እሷ ትግዛኛ።»

አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ግራ እግሩን ፍሬን ላይ እንመድበው። ጥሩ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ይመር አውቶማቲኩን አስነስተው የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል፣ ግራ እግሩ እንደ ልማዱ ፍሪሲዮን መስሎት ፍሬኑን እስከ ታች ረገጠው። መኪናው ባለበት ቀጥ አለ። አሊጋዝ ከጎናቸው ተቀምጦ ነበርና ግንባሩ መስታወቱን አገኘው። ማንዋል የለመደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይሠራል፤ እናንተም ተጠንቀቁ።

እግሩ ጫማውን አውልቆ ወረቀት ጠየቀ። ሰጠሁት። «ለተመደብኩበት ቦታ ብቁ አይደለሁም» ብሎ ጻፈ።

«ወንድ ልጅ እኮ ማንዋል ነው» አለ አሊጋዝ ግንባሩን እያሸ።

«ወንዱ ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ሲያቃስት የምሰማው እኔ ነኝ» አሉ አብረውን የመጡት እትዬ ሐዋ። «አንተ ትመጣለህ እንዴ?»

አሊጋዝ የማንዋሉን በር ከፈተ።

ጋሽ ይመር ማንዋሉ ውስጥ ገቡ። እግሩ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ድምፅ አልተሰማም፤ ማርሹ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባ። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። አቆሙና ወርደው ቁልፉን ለአሊጋዝ መለሱ።

ቀጥሎ እትዬ ሐዋ አውቶማቲኩን ይዘው ዳገቱን ወጡ። መሃል ላይ ቆሙ፤ እንደገና ተነሱ። መኪናው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አልተንሸራተተም።

«የት ልታደርሺኝ ነው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ልጅህ ዘንድ።»

ጋሽ ይመር እስክሪብቶ ጠየቁኝ። መሸኛውን ቆመው ጻፉት፦ «ከሥራው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። በመልካም ጠባዩ እመሰክራለሁ።» ማኅተም ስለሌላቸው አሻራቸውን አደረጉበት።

እግሩ ከጉልበት በታች ወጣ። ደም አልነበረም፤ ሱሪው ብቻ ላላ። እኔ በብብታቸው ገብቼ ደገፍኳቸው።

«ጫማህን አድርግ» አሉት። «መንገዱ ጠጠር ነው።»

አደረገና መሸኛውን ይዞ በኮምቦልቻ መንገድ ቁልቁል ሄደ። እትዬ ሐዋ በመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ መኪናውን አላስነሱም።

ልጅቷ በሰላም ወለደች። ጋሽ ይመር አሁን በክራንች ነው የሚሄዱት፤ ጉልበታቸው አያማቸውም።

እናንተም መኪና ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጠዋት በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ወዳለው ሐረጎ ዳገት ውጡ። የጭነት መኪኖች ፍሬን ለማቀዝቀዝ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹም በር ከፍተው ይቀመጣሉ። በጭጋጉ ውስጥ እግራቸውን ቁጠሩ። ከባድ አይደለም፤ ሞክሩት። የአብዛኞቹ ሁለት ነው። ሦስት እግር ያለው ሹፌር ስታገኙ፣ ምንም ሳትናገሩ ወደ ራሳችሁ ግራ እግር ተመልከቱ። ወደ ሹፌሩ ዞሮ ታገኙታላችሁ።