የዋጠ ይናገር

በማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ አንድ ሕግ አለ፤ የዋጠ ይናገራል። የሱስ ማስታገሻውን ሽሮፕ የሚወስድ እስረኛ መስኮቱ ፊት ጠጥቶ ሁለት ቃል ካልተነፈሰ አይሰናበትም። መድኃኒቱን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ የሚወጣ አይጠፋማ! ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ መስኮት ላይ ግን ወርቁም ያስጠረጥራል።

አናጢው በዚህ ሕግ ተቸግሮ አያውቅም። እሱን የሚቸግረው ዝም ማለቱ ነበር። ሄሮይን እጁን አንቀጥቅጦት መጋዝ መያዝ የተሳነው ሰው፣ ሽሮፑን ከጀመረ ይኸው ዓመቱ፣ ለእስር ቤቱ ወንበር ይሠራል፤ ወሬውንም እንደዚያው ይጠርባል። ዛሬ ጠጥቶ አንገቱን ብቻ ሲነቀንቅላት፣ ሽሮፑን የምታድለው ነርስ ወዲያው ገባት።

«ምነው፣ ምላስህን ወርክሾፕ ረሳኸው?»

ዝም። ብርጭቆውን መልሳ አስጠጋችለት። መሬት መሬት እያየ ተፋው።

«ለማን ነው?»

«ለታላቅ ወንድሜ። ሰኞ ነው ያስገቡት። ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል። ሐኪም የሚያየው ሐሙስ ነው አሉ። የእናቴ ልጅ እንዲያ ሲሆን አንጀቴ አልችል አለ፣ ሲስተር።»

«ያንተ መጠን በዓመት ቀስ እየተባለ ከፍ ያለ ነው። አንተን ያቆመህ እሱን ይጥለዋል።»

«ኧረ ምንም አልሆነ! ትናንት ሰልፉ ሲረዝም ሳያዩኝ በብልቃጥ ይዤለት፣ ጎህ ሲቀድ ጠጣው። ተሽሎት ተኝቷል። ሲያንኮራፋ እኮ ክፍሉን ነው የሚያናውጠው፤ ቢቀሰቅሱትም አይሰማ።»

ነርሷ ክው አለች። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ እንዲያ ያለው ማንኮራፋትም የእንቅልፍ ሳይሆን የጣር መሆኑን ታውቃለች። ማርከሻውን፣ በአፍንጫ የሚረጨውን፣ ከመሳቢያ መንጭቃ ዘበኛውን እየጠራች ሮጠች። አናጢው ከኋላዋ።

ክፍሉ ሲደርሱ ወንድምየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ረጨችለት፤ ጠበቀች፤ ደገመችው። በስንት መከራ አየር ሳበና ዓይኑን ገልጦ «እንቅልፍ እንኳ አታስተኙም?» ብሎ ሰደባቸው። አናጢው በዕድሜው እንደዚያ የጣፈጠው ስድብ የለም።

ነርሷ ግን አላረፈችም። የማርከሻው ኃይል ቶሎ ያልቃል፣ ሽሮፑ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ሰውየው ሆስፒታል መሄድ አለበት። የመላኪያውን ወረቀት መሙላት ጀምራ «የወሰደው መድኃኒትና መጠን» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እውነቱን ከጻፈች የአናጢው ሽሮፕ ይቋረጣል፤ ደንቡ ነው። ካልጻፈች ደግሞ ሆስፒታሉ በጨለማ ሊዳብስ ነው። ቀና ብላ አየችው፤ አሳዘናት።

«ይጻፉት» አላት። «የኔን ነው፣ ሙሉውን ነው የጠጣው ብለው ይጻፉ።»

«ነገ ምን ልትሆን ነው?»

«መንቀጥቀጡን አውቀዋለሁ፣ ሲስተር። ወንድም አልባ መሆኑን ነው የማላውቀው።»

ጻፈችው።