ፊቱን ወደ ግድግዳ

በከብት እርባታው መኖ መፍጫ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ሰውዬ፣ የመጨረሻውን የበቆሎ ጆንያ ዘርግፎ ሞተሩን ሲያጠፋ ጸጥታ አልመጣለትም። ከመጣለት ዓመታት አልፈዋል። ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት አለ።

መፍጫው ውስጥ ድንጋይ መግባቱን ድሮ በጆሮው ይለይ ነበር፤ አሁን መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ነው የሚያውቀው። ይህን ለማንም ባይናገርም አላቢዎቹ ነቅተውበታል። «እሱን በስም ከመጥራት በጠጠር መወርወር ይቀላል» እያሉ ይስቁበታል። ያሉትን ባይሰማም አብሯቸው ይስቃል።

የዚያን ቀን አንዲት ነርስ የጆሮ መመርመሪያ ይዛ መጣች፤ መፍጫ ቤት ለሚሠሩም የጆሮ መከላከያ ይገዛ አለች። ምርመራውን የወደቀ ከመፍጫ ቤት ይነሳል ተባለ። ተነስቶ የት ይገባል? ማለብ አያውቅበትም፤ ዘበኛ እንዳይሆን፣ ለዘበኛ ደግሞ ዋናው ጆሮ ነው።

«ጋሼ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ» አለችው ነርሷ። ከከንፈሯ አንብቦ ገባው። ከዚያ ዓይኑን ቁልፉን ከምትጫነው ጣቷ ላይ ተከለ። ጣቷ ዝቅ ባለ ቁጥር እጁን አነሳ፤ እንዳይነቃበትም አንዳንዴ ትንሽ ዘገየ።

አለፈ።

ሲወጣ ሴት ልጁ ደጅ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቆማለች። ሥራዋ ጥጆች መንከባከብ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሆነ ነገር ተናግሮ ሲጨርስ ወደ አባቷ ቀኝ ጆሮ ተጠጋች።

«ሰኞ መፍጫ ቤት ልገባ ነው፣ አባዬ። ሁለተኛው ማሽን ላይ።»

«ነርሷ ይገዛ ያለችው የጆሮ መከላከያስ?»

«ይቅር ተባለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተህ ምንም አልሆንክማ» አለች እየጮኸች። ጩኸቷን ራሷ ሰማችው መሰል፣ ወዲያው ዞር ብላ ሥራ አስኪያጁን አየችው።

ሰውዬው ልጁን አያት። ይህች ልጅ ከበረት ውጪ ቆማ የትኛው ጥጃ እንደታመመ በሳሉ የምትለይ ናት። ስንቱን ጥጃ በጆሮዋ አትርፋለች። ተመልሶ ገባ። በሩን አልዘጋውም።

ነርሷ ሽቦዎቿን እየጠቀለለች ነበር።

«እንደገና መርምሪኝ።»

«ምነው ጋሼ፣ አልፈዋል እኮ።»

«ያለፍኩት ጣትሽን እያየሁ ነው።»

ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገና ማዳመጫውን ራሱ አጠለቀ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ግድግዳው ላይ አንዲት ዝንብ ወደ ላይ ትወጣለች። ጣሪያው ጋ ደርሳ ተመለሰች። አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ ነርሷ ትከሻውን ነካችው።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አላት።

ነርሷ ጨርሳ ነበር። ሥራ አስኪያጁና ልጁ በሩ ላይ ቆመው አይተዋል። ሰውዬው ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ከነርሷ ተቀብሎ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠው።

«መከላከያው ሳይመጣ እሷ እዚያ ቤት አትገባም» አለው፤ ድምፁ እስከ በረቱ መሰማቱን ሳያውቅ።