የፀጉር ቤቱ ጅብ

«በላት እንጂ! ጅቡ ከነቀሚሷ ዋጣት፤ አለቀ» አለ ሹፌሩ፣ የሻይ ብርጭቆውን እያስቀመጠ።

«አላለቀም» አለች ልብስ ሰፊዋ እህቱ። «እኔን አባዬ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ አንጀቷን የሚበላት ይኸው ነው፤ የተረቱን መጨረሻ አታውቀውም።

አባትየው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሕፃን ወንበር ላይ ወጥቶ ካልተቁነጠነጠ ሕፃን አይባልም፤ እሱ ግን መላ ነበረው። «ከመንገድ እንዳትወጪ» የተባለችውን ልጅ ያመጣል። ልጅቱ አበባ አይታ ከመንገድ ትወጣለች፤ ጅቡ በሰው ድምፅ ያዋራታል። መቀሱ ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ጅቡም የልጅቱ ቤት በር ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ስንቱ ቅብጥብጥ ትንፋሹን ውጦ ድርቅ ይላል፤ ጆሮም ትተርፋለች።

ለቅሶ የመጣው የሰፈር ሰው ሁሉ በዚያ ወንበር ያለፈ ነው። ሁሉም የየራሱን ጅብ ይዞ መጥቷል። ዳቦ ጋጋሪው «አዳኝ ደርሶ ሆዱን ቀዶ አወጣት» ይላል። ነርሷ ደግሞ «ኧረ ወዲያ! ራሷ ናት አታልላ ጉድጓድ የከተተችው» ትላለች።

«ለእኔ ብቻ ነው እንዴ ልጅቱን ያስበላት?» አለ ሹፌሩ።

«አንተማ ስትወራጭ ስንት መቀስ አስጥለኸዋል! ሲያንስህ ነው» አለችው ነርሷ። ሰዉ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ባዳው ሁሉ ከአባቷ አንድ ነገር ይዞ ቀርቷል፤ እሷ፣ የገዛ ልጁ፣ በሩ ላይ ከቆመው ጅብ ወዲያ ባዶ ናት። ናፈቃት። ድምፁ ናፈቃት፤ የእጁ የሳሙና ሽታ እንኳ ናፈቃት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ መላጣው መጡ። ፀጉር አስተካካይ ሆነው ለራሳቸው አንዲት ፀጉር የሌላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአባቷ ጎን የሠሩ ሰው ናቸው። ገና ሳይቀመጡ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። የእኔ መጨረሻው ምን ነበር?»

«ያንቺ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያንቺማ መጨረሻ የለውም፣ የኔ ልጅ። ጅቡ በሩን ሳያንኳኳ እንቅልፍ ይጥልሻል። ያኔ አባትሽ መቀሱን ያስቀምጥና ጭንቅላትሽን በመዳፉ ይደግፈዋል። ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ ሲያጉረመርም ‹ልጄ ተኝታለች› ብሎ ይቆማል። ‹አንተ ሰው፣ ገበያ ታባርራለህ!› ስለው፣ ‹አንተ ቁረጥላቸው› ይለኛል። ክንዱ እስኪደነዝዝ ፍንክች አይልም ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አባቷ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ሹፌሩ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰፊ የቀኝ መዳፉን ጉንጯ ሥር አደረገላት። መጀመሪያ አንገቷን አደነደነች፤ ከዚያ ለቀቀችው፤ ዓይኗ ተከደነ።

ሌሎች ለቅሶ ደራሾች ገቡ። እጃቸውን ሲዘረጉለት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ በግራው ጨበጣቸው።