የልብስ ሰፊው ሮዝ መነጽር

ክሩ እንደገና ሲበጠስ ልብስ ሰፊው እግሩን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አነሳና ግራ ቀኙን ቃኘ። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ አገጭ ላይ አረፋ እየቀባ ያወራል። አፉ ስለማይዘጋ መንደሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶት «ያውም ባትሪ የማይጨርስ» እያለ ይኮራበታል። አሁን ጀርባውን ሰጥቷል። ጊዜው ይሄ ነው።

ልብስ ሰፊው የክሩን ጫፍ በምራቁ አራሰ፣ በሁለት ጣቶቹ አሾለው፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ወደ መርፌው ቀዳዳ ላከው። በግራ በኩል አለፈ። ደገመው። አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል። ቀዳዳው እዚያው እንዳለ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ድብብቆሽ መጫወት ለምዷል።

«ጋሼ!» አለ ሬዲዮ ዞር ሳይል፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየው። «ክሩን እየለመንከው ነው ወይስ እያስፈራራኸው?»

«አንተ አረፋህን ቀባ!»

ልብስ ሰፊው ቶሎ ብሎ የዘይት ማጠጫውን አነሳ። ክር በተበጠሰ ቁጥር መኪናዋን ዘይት የሚያጠጣ መምሰል ከጀመረ ሰንብቷል። እንደ ማስመሰሉ ቢሆንማ መኪናዋ ይሄኔ በዘይት ትዋኝ ነበር።

ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሚስቱ ብቅ ስትል በዚሁ ሁኔታ አገኘችው። ጎንበስ ብላ ክሩን ተቀበለችውና ባንድ ሙከራ አሾለከችው።

«የዓይን ሐኪሙ ገብቷል» አለች ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ። ተራ አስከባሪው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ተራ አስከባሪ ዓይን የለውም?»

«መነጽሩ የመጣው ለችግረኛ ነው።»

«እና አንተ ምንድን ነህ? እኔ ሽንኩርቴን ለሰው አደራ ሰጥቼ ክር ላስገባ የምመላለሰው አምሮኝ ነው?»

«ቀስ በይ! ሬዲዮ ይሰማል።»

«ይስማ! ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። አንተ እኮ ለራስህ ሲሆን ቢላዋውንም አታነሳም።»

«ስሰጥ ኖሬ በስተርጅና እጄን ልዘርጋ?» አለና መርገጫውን ረገጠ። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

ግን አላለቀም። የመንደሩ መረዳጃ ማህበር ጧሪ ለሌላቸው ደካሞች ጣሪያ ይጠግናል፣ የታመመ ሰው ሲገኝ ወደ ከተማ ሆስፒታል ያደርሳል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደግሞ ወላጅ ላጡ ልጆች ዩኒፎርም ያሰፋል። ጨርቁን አባላቱ አዋጥተው ይገዛሉ። የሚሰፋው ልብስ ሰፊው ነው፤ ዋጋ አይጠይቅም። ትምህርት በሚጀመርበት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ፣ በሰልፉ መሀል የትኛው ኮሌታ የሱ እንደሆነ በዓይኑ ይለቅማል። ከሩቅ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ልጆቹ ከሌሎቹ የማይለዩ ሆነው ሲያያቸው ለማንም ሳይናገር ወደ ሥራው ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚያቆየው ይህ ጠዋት ነው።

ዘንድሮ ይህን ጠዋት ሊያጣው ነው። የማህበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ትናንት አንድ ሱሪ አጣጥፋ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንዱ እግር ያብረቀርቃል፤ ሌላው ደብዝዟል። ጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ በግልባጩ ተሰፍቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲስ ሞዴል ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

ሲስተር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ስትጨርስ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጁ ለብሶት እኔ ዘንድ መጣ። አንዱን እግሩን በሌላው ሊሸፍን ይሞክራል። ኮሚቴው የቀረውን ጨርቅ ለከተማው ልብስ ሰፊ እንስጠው እያለ ነው። እስከ ነገ ማታ ታገሱ ብያቸዋለሁ። ያጋጠመዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ምን ያጋጥመኛል? ጨርቁ ነው እንጂ። የዘንድሮ ጨርቅ ፊትና ጀርባ የለውም።»

ዛሬ እንግዲህ ያ ነገ ነው።

የማህበሩ አዳራሽ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ልብስ ሰፊው ሲደርስ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ግድግዳውን ይዞ ዞሯል። ሐኪሙን ማህበሩ የመኪናውን ነዳጅ ችሎ ነው ያስመጣው፤ ዛሬና ነገ ያያል። ከከተማ ሰዎች የተሰበሰቡ መነጽሮች በሁለት ካርቶን ተሞልተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይዟል። የልብስ ሰፊው ሥራ ወረቀቱን አይቶ ባለተራውን ማስገባት ነው።

ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ብልሃት አላጣም፤ «ቁጥርዎን ጮክ ብለው ይንገሩኝ» እያለ ሰውየው የሚለውን እየሰማ ያስገባል። እየቆየ ግን አንድ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ዘበኛ መጣና ወረቀቱን ብቻ ዘረጋለት። ልብስ ሰፊው ክንዱ እስከሚችለው ድረስ አራቀው። አንገቱንም ወደ ኋላ ሰበረ። ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ተተረማመሱበት።

«ሠላሳ ሦስት። ይግቡ አባቴ።»

«ምን አልክ?» ወተት ሻጯ ከሰልፉ ተገንጥላ ወጣች። ወፍራም ድምፅ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ያለ ደወል መንደሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። «ሠላሳ ሦስት እኔ ነኝ! የሳቸው ሠላሳ ስምንት ነው! ከጎህ ጀምሮ ቆሜ በዘመድ ልታሳልፍ?»

«ዘመዴ አይደሉም!»

«ታዲያ ስምንትና ሦስት መቼ ነው ዘመድ የሆኑት?»

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። አንድ ረጅም ገበሬ ከኋላ ጮኸ፦ «ኧረ ተራ አስከባሪውን ለራሱ ተራ ስጡት!» ዘበኛው ምን እንደተባለ ባይሰማም ሁሉም ስለሳቀ አብሮ ሳቀ።

ሲስተር ከውስጥ ብቅ አለች። የልብስ ሰፊውን የተዘረጋ ክንድ አየች፤ ወረቀቱን አየች። ክንዱን ይዛ ወደ መጋዘኑ ጓሮ ወሰደችው።

«ጨርቁ አይደለማ» አለችው።

ልብስ ሰፊው ጫማውን ተመለከተ። ጫማው ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ ሩቅ ነው።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ለዚህ ማህበር ያዋጣሁ ሰው ነኝ። መነጽሩ ለደካሞች ነው። እኔ አንዱን ብወስድ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ልንገርዎት? ልጁ ያንን ሱሪ ለብሶ ትምህርት ቤት ቢሄድ ክፍሉ ውስጥ የሚሉትን ነው የሚለው። አልቆጣዎትም። መነጽር ካደረጉ ኮሚቴውን ለኔ ይተዉት፤ ጨርቁ ከእጅዎ አይወጣም። ካላደረጉ ግን ልጆቹን ማሳፈር አልችልም። ኑ፣ በጓሮ በር ላስገባዎት፤ ማንም አያይዎትም።»

ልብስ ሰፊው የጓሮውን በር አየ። ከዚያ የሰልፉ ጫጫታ ወደሚመጣበት ዞረ። ከብዙ ትንፋሽ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«በጓሮስ አልገባም። ተራ አስከባሪ ተራ አይሰርቅም።»

ሄዶ ከሁሉም ኋላ ቆመ። የበሩን ሥራ ወተት ሻጯ ተረከበችው፤ በአፏም በዓይኗም ታስከብረዋለች። በሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ዞር እያለ ቢያየውም እንደፈራው ማንም አልጠቆመበትም። ረጅሙ ገበሬ ብቻ «እንኳን ደህና መጣህ» አለውና ትንሽ ጠጋ ብሎ ጥላ ሰጠው።

ተራው ሲደርስ ካርቶኖቹ ጎድለዋል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ላቡን ይጠርጋል። ትንንሽ ፊደላት ያሉበት ካርድ ሰጠውና አንድ ሁለት መነጽር ለካበት። «የቅርብ ብቻ ነው አባባ። በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ ምንም አይደል። የመነጽር ቁጥርዎን አግኝተናል» ብሎ ካርቶኑን መጎርጎር ጀመረ። መጎርጎሩ ረዘመ። በመጨረሻ አንድ መነጽር አወጣና፣ እንደ ማፈር ብሎ በጨርቅ ወለወለው።

ፍሬሙ ሮዝ ነው። የቢራቢሮ ክንፍ ይመስል ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ተቀስሯል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጩ ጠጠሮች ተለጥፈውበታል።

«ሌላ የለም?» አለ ልብስ ሰፊው።

«በዚህ ቁጥር የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ቢመጡ ኖሮ ጥቁርም ቡናማም ነበረ። ሌላ እስኪመጣልን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ይቆያል ብላኛለች ሲስተር።»

ልብስ ሰፊው ኮሌታው ላይ ሁልጊዜ መርፌ ይሰካል። ነቀለው። ከኪሱ ክር መዘዘ። መነጽሩን፣ እንደሚያቃጥል ነገር በሁለት ጣት ይዞ፣ አፍንጫው ላይ አሳረፈው። የመርፌው ቀዳዳ እንደ በር ተከፍቶ ጠበቀው። ክሩ ምራቅ እንኳን ሳይጠይቅ ገባ።

«ወይ ጉድ» አለ በሹክሹክታ። አውጥቶ እንደገና አስገባው። ሦስተኛም ሊደግም ሲል ሐኪሙ «አባባ፣ ማታ ቤትዎ ይጫወታሉ» አለው።

መነጽሩን በመሀረብ ጠቅልሎ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። ሚስቱ ከገበያ ተመልሳ ሽንኩርት ትለቅማለች። መሀረቡን ፈትቶ መነጽሩን አደረገ።

«ሳቂ» አላት።

«አልስቅም» አለች። ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሙሽራዬ! እንዲህ ቆንጆ መሆንህን ማን ነግሮኝ!»

እሱ ግን አልሰማትም፤ ጠጋ ብሎ ፊቷን ያያል። «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ገባ?»

«አንተ እንደማታይ ሰምቶ ነዋ፣ ሹልክ ብሎ የገባው።»

«ያምርብሻል።»

«መነጽሩ ነው የሚያምርብህ» አለችና ፊቷን አዞረች፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

ከዚያ የተሰፉትን ዩኒፎርሞች አነሳ። ሳቁ ቆመ። ስፌቱ ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው መንገዱን ለቆ ይሄዳል፤ አንዱ ኪስ ወደ ጎን ዘንብሏል፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ አንዱ ካንዱ አይተያዩም። ቁጭ ብሎ መፍታት ጀመረ። ግን ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክሩ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክፍሉም ጨለማ ነው። በአምፖል ሞከረ፤ በመስኮቱ ሞከረ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ብርሃን ያለው በረንዳው ላይ ብቻ ነው። በረንዳው ደግሞ ከሬዲዮ ፊት ለፊት ነው።

ሚስቱ የሚያስበውን አወቀችበት። «ቢጠይቁህ የሚስቴ ነው፣ ለዛሬ ተውሼ ነው በላቸው። ማን ያውቃል?»

«እሱስ ጥሩ መላ ነው» አለና ልብሶቹን ተሸክሞ ወጣ።

ገና እንደተቀመጠ ከማዶ መቀሱ ጸጥ አለ። ሬዲዮ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛውን ጥሎ መንገዱን ተሻገረ። ከኋላው ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው።

«እሜቴ!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ እያለ። «ጋሼን አይተውልኛል? እዚህ ቁጭ ብለው ክር ሲለምኑ ነበር!»

ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊው የግልባጩን ሱሪ እግር መፍታቱን ቀጠለ።

«እውነት ግን የማን ነው? የባለቤትህ ነው አይደል?»

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። የሚስቱ መላ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሱሪውን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ ሬዲዮን አየው።

«የኔ ነው። ማህበሩ ነው የሰጠኝ። ተሰልፌ ተቀበልኩ።»

ሳቁ የሚሄድበት አጣ። አንደኛው ሰው «እንኳን ሰጡህ» አለ፤ ሌላው ጠጋ ብሎ ጠጠሮቹን ነካ ነካ አደረገና «አልማዝ ነው እንዴ?» ብሎ ትንሽ አሳቀ። ቀስ በቀስ ተበታተኑ። ግማሽ የተላጨው ደንበኛ ከማዶ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ይጣራል።

ሬዲዮ ብቻ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን መርፌ የሚያይ መሰለ። ድምፁን እንዲህ አጥፍቶ ሲናገር መንደሩ ሰምቶት አያውቅም።

«ጋሼ... ምላጭ ለያዘ ሰውም መነጽር ይሰጣሉ? የሰው ጆሮ ዳር ዳር ላይ ስደርስ... ይሄውልህ፣ በግምት ነው የምሠራው።»

ልብስ ሰፊው እጁን ከጨርቁ ላይ አነሳ። መንገዱ ላይ ገና ሰው አለ፤ ሰዎቹም ሩቅ አልሄዱም። አንዴ ጮክ ቢል ይበቃል፤ የዓመታት ሂሳብ ባንድ አፍ ይወራረዳል። ደስታው ጉሮሮው ድረስ መጣ።

ዋጠው። ወደ ሬዲዮ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ነገ በጊዜ ሂድ» አለው። «ጥቁር ጥቁሮቹ ቶሎ ነው የሚያልቁት።»