ትኩሳት የሌለው ታይፎድ

ሙሀይሚን ለእናቱ የደወለው እምቢ ለማለት ነበር። እምቢ የሚለውን ቃል በቀጥታ ማውጣት ስላቃተው ግን ምክንያቱን አስቀደመ።

ወልቂጤ፣ ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ከዑመይር ጋር በተከራያት ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። በስታቲስቲክስ ከተመረቀ ወራት አልፈዋል። ክፍሏን ያልለቀቀው ለአዲስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ስለጀመረ ነው፤ ለሰው የሚናገረው ምክንያት ይህ ነበር። ሌላው ምክንያት ቡታጅራ ነው። እዚያ የእናቱ ወንድም አብዱልሃፊዝ ሥራ አግኝቶለታል። በርበሬ ገዝተው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ነጋዴዎች ማኅበር አቋቁመዋል፤ በየቀበሌው እየዞረ፣ ገበሬውን እየሰበሰበ ስለ ዋጋና ስለ ጥራት የሚያስረዳ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። ሐሙስ ዕለት ሙሀይሚን አባላቱ ፊት ቆሞ እንዲናገር፣ ከወደዱትም ሥራውን እንዲሰጡት ቀጠሮ ተይዟል።

ፊታቸው ቆሞ መናገር! የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበ ዕለት አፉ ደርቆ፣ ቁጥሮቹን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ ብቻ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ሰው የተሰበሰበበትን ቦታ ባሰበ ቁጥር የሚታየው ያ አዳራሽ ነው።

በሥልጠናው ላይ ስለ ባሕርያቸው መጠይቅ ሞልተው ነበር። "ብዙ ሰው መሐል ስትሆን ጉልበትህ ይታደሳል ወይስ ያልቃል?" ይላል አንዱ ጥያቄ። ሙሀይሚን ሁሉንም የመለሰው ያንን አዳራሽ እያሰበ ነው። በአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ መንዙማ ሲያወርድ፣ ሰዉን ሲያስጨበጭብ ማምሸቱ ትዝ አላለውም። ውጤቱ፣ በሥልጠናው 'ታይፕ' የሚሉት የባሕርይ ዓይነት፣ ሲመጣ ዝግ ከሚባሉት፣ ብቻቸውን መሥራት ከሚቀናቸው መሐል ወደቀ።

"ታይፓችሁ የጫማ ቁጥራችሁ ነው" አለች አሠልጣኟ ሳቢሪን። "ቁጥሩ የት መሄድ እንዳለባችሁ አይነግራችሁም።"

ሙሀይሚን የያዘው የጫማ ቁጥሩን ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት የአምስት ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ አዲስ አበባ፣ መረጃ ትንተና፣ ኮምፒውተር፣ ሰው የማይደርስበት ጥግ። ዑመይር በትከሻው በኩል አጮልቆ አየና፣ "ይሄ የሥራ ዕቅድ ነው የእስር ቤት?" አለው።

ስልኩን ሲደውል በልቡ የያዘው፣ "ኡሚ፣ ሥራው ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም፤ ሐሙስ አልመጣም" የሚል ነበር። ያለው ግን፣ "ኡሚ፣ እዚህ መርምረውን ነበር፤ ውጤቱ መጣ። ታይፔ ታወቀ" ነው።

ከእናቱ ጋር የሚነጋገሩት በመስቃንኛ ነው። "ታይፕ" ለሚለው በመስቃንኛ ቃል ስላጣለት እንዳለ ተወው። መስመሩም ይቆራረጥ ነበር።

"ታይፎድ?" አለች እናቱ ሳሌሃ። "ያ ረቢ! ታይፎድ ነው ያሉህ? ያ ውሃ ነው! አፍልታችሁ ጠጡ አላልኩም? ምግብ ይወርድልሃል?"

ለማረም አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተ። እናቱ ግን ቀጠለች፤ "በቃ፣ ሐሙስ ይቅር። ለአብዱልሃፊዝ እኔ እነግረዋለሁ። ከሁሉም ጤና ይቅደም።"

ሐሙስ ይቅር የሚለውን ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው።

"እሺ ኡሚ" አለ።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንዳልዋሸ ለራሱ አስረዳ። ታይፎድ የሚለው ቃል ከእሱ አፍ አልወጣም።

በማግሥቱ እናቱ ደወለች። አብዱልሃፊዝ መኪና ተውሶ ሊወስደው እንደተነሳ ስትነግረው ደነገጠ። ሰውየውን ከዚያ ሁሉ መንገድ ለማዳን፣ "አይምጣ፣ እኔው እመጣለሁ" አለና ሚኒባስ ተሳፈረ። አረቅጥ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን ደረቡለት፤ "ፊትህ ገርጥቷል" አሉት። መገርጣቱ እውነት ነበር።

ቡታጅራ እናቱ ቤት ሲደርስ ፍራሹ ሳሎን ውስጥ ተነጥፏል። ሳሌሃ ግንባሩን ሳትነካ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ጎረቤቶች መግባት ጀመሩ። እትዬ የሺመቤት የቡላ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ፤ "እግዜር ይማርህ፤ ሳይበርድ ጠጣው፣ ለአንጀትህ ነው" አሉ። ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ ማር መጣ። ሰው ሁሉ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሙሀይሚንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ እንደ በሽተኛ መናገር ከባድ እንዳልሆነ ሲያውቅ አፈረ። አጥሚቱ ይጣፍጥ ነበር። የበለጠ ያሳፈረው እሱ ነው።

እህቱ ነዒማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ማታ ከሥራ ስትመለስ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። ከዚያ አንገቱን ነካች። ከዚያ ባዶውን ፔርሙዝ ነቀነቀችው።

"ምን መድኃኒት ሰጡህ?"

"ያው... የተለመደውን።"

"የተለመደው ስም የለውም?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ትኩሳት የሌለው፣ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት የሚጨርስ ታይፎድ በሕይወቴ አላየሁም" አለች፣ እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ቀንሳ። "ምን ሆነህ ነው?"

ነገራት። ነዒማ መጀመሪያ ሳቀች፤ አፏን በሻርፗ ይዛ ፍራሹን እስክታንቀጠቅጥ ሳቀች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳቋ ቆመ።

"ኡሚ ዛሬ ጾማ ነው የዋለችው፤ ላንተ። ነገ ንገራት። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።"

ነገ እነግራታለሁ አለ። ነጋ። ጠዋት ላይ እናቱ ገበያ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ እንግዳ አልጠፋ አለ፤ ማታ አብዱልሃፊዝ መጣ።

አጎቱ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ከሙሀይሚን እግር ሥር ተቀመጠ። ልብሱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

"አብሽር" አለው። "ማኅበሩን አነጋገርኩ። ሥራውን የፈለገች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ባሂራ የምትባል። ሐሙስ እሷን ሰምተን እንቁረጥ ያሉ ነበሩ። እኔ ተነሳሁ። 'ወላሂ ልጁ ታሞ ተኝቶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ቦታ የሚቀር አይደለም' አልኩ። ለሳምንት አዛወሩት። ልጅቷም፣ አላህ ይስጣት፣ 'የታመመ ሰው ቦታ አልሻማም፣ እጠብቃለሁ' አለች።"

ሙሀይሚን ብርድ ልብሱን ጨበጠ። "አጎቴ..."

"አትናገር፤ ትደክማለህ" አለና አብዱልሃፊዝ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ሐሙስ ስብሰባው ስለቀረ አባላቱ በዚያው ሰዓት የታመመውን ልጅ ሊጠይቁ ተያይዘው መጡ።

ሙሀይሚን የጫማ ድምፅ ሲበዛ ቀና አለ። ሊቀ መንበሩ ሀጂ ሙስተፋ ከፊት፣ ነጋዴዎቹ ከኋላ፣ አብዱልሃፊዝ እያስገባቸው፣ በመጨረሻ ጥቁር ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ። ባሂራ መሆኗን ማንም ሳይነግረው አወቀ። ሳሎኑ ሞላ፤ መቀመጫ ያጡት ግድግዳ ተደገፉ። ነዒማ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አየችውና ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። የሸሸው ስብሰባ ፍራሹ ድረስ መጥቷል።

"አሁን እንዴት ነህ?" አሉት ሀጂ ሙስተፋ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"በሉ ዱዓ እናድርግለት።"

እጆች ሁሉ ተዘረጉ። ሀጂው ፈውስ እንዲሰጠው፣ ለእናቱ እንዲያቆይላት፣ በተማረው ወገኑን እንዲጠቅም ለመኑ። በየመሐሉ ቤቱ በአንድ ድምፅ "አሚን" ይላል። የእናቱ አሚን ከሁሉም በላይ ይሰማል። ሙሀይሚንም እጁን ዘርግቷል። አሚን ለማለት ሞከረ፤ ለሌለ በሽታ አሚን ማለት አልሆንልህ አለው። የገዛ እጁን እያየ፣ "አልታመምኩም" አለ።

"ትድናለህ፣ ኢንሻአላህ" አለ አንዱ፣ በደንብ ሳይሰማ።

"አልታመምኩም። ታይፎድ የለብኝም።"

ሀጂ ሙስተፋ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እና ምንድን ነው ያለብህ?"

"ታይፕ ነው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው? የባሰ ነው?"

አንድ ሰው "ላ ሀውለ!" አለ። ሳሌሃ ደረቷን ያዘች። ሙሀይሚን በፍጥነት ማስረዳት ጀመረ፤ መጠይቁን፣ ዝግ ስለሚባሉ ሰዎች፣ ስለ ጉልበት መታደስና ማለቅ፣ ስልኩ እንዴት እንደተቆራረጠ። ሲናገር ምላሱ ይደርቃል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ማንም አላቋረጠውም። ቢያቋርጡት ይሻለው ነበር።

"ቆይ" አሉ ሀጂ ሙስተፋ ሲጨርስ። "እናትህ ታይፎድ ስትል ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አላረምካትም።"

"አላረምኳትም።"

"ያ መርማሪያችሁ ውሸታም ነህ ብሎሃል?"

"አላለኝም።"

"እንግዲያው በደንብ አልመረመረህም።"

ግድግዳ ከተደገፉት አንዱ ሊስቅ ሲል የአብዱልሃፊዝን ፊት አይቶ ዋጠው። አብዱልሃፊዝ የእህቱን ልጅ አላየውም፤ ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ከዚያ ተነሳና ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ሙሀይሚን ወደ ባሂራ ዞረ። "ይቅርታ። ቦታውን ለአንቺ ልቀቅልሽ።"

ከባሂራ ቀድመው የመለሱለት ሀጂው ናቸው።

"ቦታው መቼ የአንተ ሆነና ነው የምትለቅላት?" አሉ። "ልጄ፣ ንግግርሽን አዘጋጅተሽ አልነበር? አሁን ሁላችንም አለን። ተናገሪ እንስማሽ።"

ባሂራ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ብርቱካኑና ማሩ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ተናገረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሂጃቧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ሙሀይሚን ይህን ሁሉ ከፍራሹ ላይ ያያል። እሷም ፈርታለች። ፍርሃቷ ግን ከመናገር አላገዳትም። ነጋዴዎቹ ጠየቋት፤ መለሰች። ያላወቀችውን "አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ" አለች። ሥራውን ሰጧትና ወጡ። አንዳንዶቹ ሲወጡ ከልማድ የተነሳ "አላህ ያሽርህ" አሉት።

ሳሌሃ አልጮኸችበትም። ብርድ ልብሱን አጥፋ፣ ፍራሹን ጠቅልላ ወደ ጓዳ አስገባች። የየሰዉን ሳህንና ፔርሙዝ አጥባ ደረደረች። "የጾምኩትን አልሐምዱሊላህ እለዋለሁ፤ ልጄ ጤነኛ ነው" አለች። "የሺመቤትን ግን እንዴት ብዬ ነው በዓይኗ የማያት?"

እቃውን ሁሉ በየቤቱ የመለሰው ሙሀይሚን ነው።

በማግሥቱ አጎቱ ሱቅ ሄደ። ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ አየሩ ጉሮሮ ይከረክራል። ሰላምታውን አብዱልሃፊዝ መለሰለት፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

"አጎቴ፣ ስለ መሐላው..."

"ሼኩን ጠየቅኩ" አለ አብዱልሃፊዝ፣ ሚዛኑን እየጠረገ። "ሳታውቅ ስለማልክ ኃጢአት የለብህም አሉኝ። ገበያው ግን ሼኩን አይጠይቅም። ዛሬ ጠዋት ለአንዱ፣ 'ወላሂ በርበሬው ደርቋል' ስለው፣ 'እንደ ልጅህ ታይፎድ እንዳይሆን ብቻ' አለኝ። በዚህ ሱቅ ወላሂ የሚለው ቃል እንዲህ መቀለጃ ሆኖ አያውቅም።"

"ምን ላድርግ?"

አብዱልሃፊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። "ነገ ገበያ ነው። እዚህ በር ላይ ቁም። ስለ ታይፎዱ የሚጠይቀኝን ሁሉ አንተ መልስለት።"

ገበያ ቀን በሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ጠያቂ ሲመጣ ሙሀይሚን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሥልጠናው፣ መጠይቁ፣ ታይፕ የሚለው ቃል፣ የስልኩ መቆራረጥ። ሰውየው ግማሹን ሰምቶ ሄደ። ለሁለተኛው ሲያስረዳ መጠይቁን ተወው፤ ከአንድ አዳራሽ ተነስቶ ስለ ዕድሜ ልኩ እንደደመደመ፣ ያንን ደግሞ በስታቲስቲክስ የተመረቀ ሰው ማድረግ እንደሌለበት ሲናገር ራሱን ሰምቶ አፈረ። ቀጥሎ ስልኩንም ተወው፤ መስመሩ የተቆራረጠው ለአንድ ቃል ብቻ ነበርና። ፀሐይ እየበረታ ሲሄድ ሰዎች እየተጠራሩ መጥተው ይጠይቁት ጀመር። የሚቀንሰው ነገር እያለቀበት መጣ።

ከሶዶ የሚመጣ ገሠሠ የሚባል ነጋዴ ጆንያውን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ እየሳቀ ቀረበው።

"ያ ባለ ታይፎድ አንተ ነህ? ምን አግኝቶህ ነው እንዲያ ያደረግኸው?"

"ፈርቼ ነው" አለ ሙሀይሚን።

"ምኑን?"

"እናንተን። ፊታችሁ ቆሞ መናገርን።"

ገሠሠ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዙሪያውን ከበው የቆሙትን ሰዎች አየ፤ ሙሀይሚንን አየ። ከዚያ ጆንያውን እየጎተተ ወደ ሱቁ ገባና አብዱልሃፊዝን፣ "ዛሬ ስንት ገባ?" አለው።

አብዱልሃፊዝ ዋጋውን ነገረው። ወላሂ ብሎ አልማለም።